ከፒያሳ ወርቅ ቤት የተነሣ ጥያቄ፦ የጥይት ዓይነትና ሕጋዊ መከላከል

በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ የተከፈተ ክር (አንድ ጥያቄና ተከታታይ ምላሾቹ) አነበብኩ። የክሩን መክፈቻ ያስቀመጡት በፒያሳ ለብዙ ዓመታት ወርቅ ሲሠሩና ሲሸጡ የኖሩ፣ በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ሲፈርስ ሱቃቸውን ወደ ሌላ ሰፈር ያዛወሩ አዛውንት ነጋዴ ናቸው። ፈቃድ ያለው ሽጉጥ አላቸው፤ ማታ ሱቅ ዘግተው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ይታጠቁታል። አሜሪካ የሚኖር የእህታቸው ልጅ ለዕረፍት መጥቶ በሽጉጡ ካዝና ውስጥ ያለውን ድፍን ጥይት ሲያይ ተገረመ። እዚያ ራሱን ለመከላከል መሣሪያ የሚይዝ ሰው አናቱ የተቦረቦረ ጥይት እንደሚመርጥ ነገራቸው፤ ወዲያው ደግሞ እንዲህ ያለ ጥይት የተኮሰ ሰው ፍርድ ቤት ሲቀርብ ዐቃቤ ሕጉ ጨካኝ አድርጎ ሊያቀርበው እንደሚችል አስጠነቀቃቸው። ነጋዴው ግራ ገባቸው። የጠየቁት ይህንን ነው፦ አያድርገውና አንድ ቀን ተኩሰው ሰው ቢጎዱ፣ የኢትዮጵያ ሕግ የሚመዝነው ያደረጉትን ነው ወይስ የተኮሱበትን ጥይት?

ጥያቄውን ሳነብ ሰውዬውን አከበርኳቸው። በዚህ ከተማ መሣሪያ የያዘ ሰው ስለ ሕጉ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ከተኮሰ በኋላ፣ ፖሊስ ጣቢያ ተቀምጦ ነው። እርሳቸው አስቀድመው ጠየቁ። ክሩ ከሠላሳ በላይ ምላሾች አሉት፤ ጥሩውም መጥፎውም ተደባልቆበታል፤ ስለዚህ ጉዳይ በየቡና ቤቱ የሚወራው ስሕተት ሁሉም ገብቶበታል። አንድ ሰው እንኳ ከስሕተቱ ቢድን ብዬ ሂደቱን እዚህ እተርካለሁ።

የመጀመሪያው ምላሽ ሰላምታና ምርቃት ነበር፤ ጸሐፊው ነጋዴውን እግዚአብሔር ከክፉ እንዲጠብቃቸው ተመኝቶ፣ ሽጉጡን ቤት ትተው በጊዜ ሱቅ ቢዘጉ እንደሚሻል መከራቸው። ሁለተኛው የእህታቸውን ልጅ ደገፈ፤ የተቦረቦረው ጥይት አጥቂውን ቶሎ እንደሚያቆምና በሌላው ወገን እንደማይወጣ በሁለት መስመር ጽፎ ሄደ።

ሦስተኛውን የጻፉት በጦር ኃይሉ ውስጥ በመሣሪያ ጥገና ያገለገሉና ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እርሳቸው ነገሩን ከሥሩ አስረዱ። በድፍኑ ጥይት ላይ እርሳሱ በመዳብ ቅብ ስለተሸፈነ አረሩ (ተተኩሶ የሚሄደው የጥይቱ ክፍል) ሥጋ ውስጥ ሲገባ ቅርጹን ብዙም ሳይለውጥ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜም አልፎ ይወጣል። አናቱ የተቦረቦረው ግን እርጥብ አካል ሲያገኝ ግፊቱ ጉድጓዱን ይከፍተዋል፤ ጫፉ ወደ ውጭ ይገለበጣል፤ ወርዱ ይሰፋል፤ ፍጥነቱንም ቶሎ ያጣል። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1986 በማያሚ ወኪሎቹ ከተገደሉበት የተኩስ ልውውጥ በኋላ ጥይቶችን ሥጋን እንዲመስል በተሠራ ጄላቲን ላይ እየተኮሰ መፈተን እንደ ጀመረ፣ ተፈላጊ ያለው ጥልቀትም ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ እንደሆነ ጨመሩ፤ ከዚያ ያነሰው አደጋውን አያቆምም፣ ከዚያ የበለጠው አልፎ ሌላ ሰው ያገኛል። ከዚህ በኋላ ለነጋዴው አንድ ጥያቄ አቀረቡ፤ ሽጉጡ ምንድን ነው?

አራተኛው ምላሽ ጥያቄውን ሳይጠብቅ በቁጣ ገባ። ጸሐፊው እንዲህ ያለው ጥይት ዱምዱም መሆኑን፣ በዓለም አቀፍ ሕግ የተከለከለ መሆኑን፣ ስለዚህ ነጋዴው የጦር ወንጀል ለመሥራት ምክር እየጠየቁ መሆኑን ጻፈ። አምስተኛው የነጋዴው መልስ ነው፤ ለቁጡው ምንም ሳይሉ ሽጉጡ ማካሮቭ መሆኑን ብቻ ተናገሩ።

የዱምዱሙን ጉዳይ ስድስተኛው ምላሽ አረመው። ጸሐፊዋ በስድስት ኪሎ ሕግ የምታጠና ወጣት ናት። እ.ኤ.አ. በ1899 በሄግ የወጣው መግለጫ ሰውነት ውስጥ በቀላሉ የሚሰፋ ወይም የሚጠፈጠፍ ጥይትን የከለከለው ተዋዋይ መንግሥታት እርስ በርስ ሲዋጉ እንደሆነ አስረዳች፤ አንድ ሰው ከዘራፊ ራሱን ሲከላከል መግለጫው እንደማይነካው፣ የብዙ አገር ፖሊስም በከተማ ውስጥ የሚታጠቀው ይህንኑ ጥይት እንደሆነ ገለጸች። ሰባተኛው ዱምዱም የሚለው ስም በሕንድ ካልካታ አጠገብ ከነበረው የእንግሊዞች የጥይት ፋብሪካ እንደ መጣ ጨመረ።

ከዚያ ክሩ መንገዱን ሳተ። ስምንተኛው ምላሽ በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ኢትዮጵያውያን ዱምዱም ይተኩሳሉ እያለች ለመንግሥታት ማኅበር ትከስ እንደነበር፣ ያንኑም ክስ ለመርዝ ጋዟ ማመካኛ እንዳደረገችው አነሣ። ዘጠነኛው በዚያ ጦርነት ስለ ዘመቱት አያቱ ረጅም ታሪክ ጻፈ። አሥረኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1925ቱ የጄኔቫ ፕሮቶኮል መርዝ ጋዝን እንደ ከለከለ፣ ጣልያንም ፈራሚ እንደነበረች አስታወሰ። ከነጋዴው ጥያቄ ጋር አይገናኝም፤ ቢሆንም አንድም ሰው ተዉት አላለም። እኔም አልልም። ቃሉ በዚህ አገር ሲነሣ የሚያስታውሰው ይህንን ነው፤ አራተኛው ጸሐፊ ያን ያህል የተቆጣውም ሳያነብ አይመስለኝም፣ ሰምቶ ያደገው ነገር ስለሆነ ነው።

ክሩን ወደ ሥፍራው የመለሰው አሥራ አንደኛው ምላሽ ነው። በልደታ ፍርድ ቤት በወንጀል ጉዳዮች የሚቆም ጠበቃ ጻፈው። ከምላሾቹ ሁሉ ረጅሙም ጠቃሚውም ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ አቀርበዋለሁ።

ጠበቃው የጀመረው ከ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ነው። ሕጋዊ መከላከል የሚባለው ጥቃቱ ከሕግ ውጭ ሲሆን፣ እየተፈጸመ ወይም ሊፈጸም የደረሰ ሲሆን፣ በሌላ መንገድ ማስወገድ የማይቻል ሲሆን፣ መከላከሉም ከጥቃቱ አደገኛነትና ሊጠበቅ ከተፈለገው መብት ክብደት ጋር ሲመጣጠን ነው። እነዚህ ከተሟሉ ድርጊቱ አያስቀጣም። ከአራቱ ውስጥ ስለ ጥይት ዓይነት የሚናገር የለም። ዳኛው የሚጠይቀው ነጋዴው በዚያች ቅጽበት መተኮስ ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም የሚለውን ነው። መተኮሳቸው ተገቢ ከነበረ ጥይቱ የተቦረቦረ መሆኑ ተገቢነቱን አያጠፋውም፤ ተገቢ ካልነበረም ድፍን መሆኑ አያድናቸውም።

ቀጥሎ መጠን ስለ ማለፍ ጻፈ። አንቀጽ 79 መከላከሉ ከተፈቀደው በላይ ሲሄድ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን በመሰለው እንዲያቀልለት፣ መጠኑ ያለፈውም ጥቃቱ ባስከተለው ይቅርታ በሚገባው ድንጋጤ ወይም ፍርሃት ከሆነ ጭራሹን ላይቀጣ እንዲችል ይላል። የሰው ሕይወት ካለፈ ደግሞ ተራ የሰው ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ሲያስቀጣ፣ ከሕጋዊ መከላከል መጠን በማለፍ የተፈጸመው በአንቀጽ 541 ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ያስቀጣል። የአንድ ሰው ቀሪ ዕድሜ በእነዚህ ሁለት አንቀጾች መካከል ሊወድቅ እንደሚችል ጠበቃው አጥብቆ አሳሰበ።

ከዚያም የክሩን ጥያቄ በቀጥታ የሚነካውን አንድ ነገር አነሣ። ከባድ የሰው ግድያን የሚደነግገው አንቀጽ 539 ገዳዩ በተለይ ጨካኝ ወይም አደገኛ መሆኑን ከሚያሳዩ ሁኔታዎች መካከል አስቀድሞ ማሰብን፣ ምክንያትንና የተጠቀመበትን መሣሪያ ወይም ዘዴ ይጠቅሳል። ስለዚህ መሣሪያው ሕጉ ፊት ምንም ትርጉም የለውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ይህ አንቀጽ የሚመጣው ሕጋዊ መከላከል ከወደቀ በኋላ እንደሆነ፣ ብቻውንም ከፋብሪካ የወጣ ጥይት አንድን ሰው ጨካኝ ያሰኛል ብሎ እንደማያምን አስረዳ። ያሳሰበው ሌላ ነው፦ ሰውየው ስለ ጥይቱ ቀድሞ የተናገረው። በየሰፈሩ፣ በየስልኩ እየዞረ ሌባ ቢመጣ እንዲህ አደርገዋለሁ እያለ የሚፎክር ሰው ለዐቃቤ ሕግ ማስረጃ እያዘጋጀ ነው።

በዚህ ምላሽ ሥር ብዙ ምስጋና ተጻፈ። አሥራ ሁለተኛው ምላሽ ሰጪ ግን አልተዋጠለትም። በዳላስ የሚኖር ሲሆን የእህት ልጁን ማስጠንቀቂያ ደግፎ የአሪዞናን ጉዳይ ተረከ። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ ጡረታ የወጣ መምህር በተራራ መንገድ ላይ እየሮጠ መጣብኝ ያለውን ሰው ተኩሶ ገደለ፤ በ2006 ጥፋተኛ ተብሎ 10 ዓመት ተፈረደበት። ዐቃቤ ሕጉ የሽጉጡን ኃይልና የጥይቱን መቦርቦር ከሕዝብ ለተመረጡት የፍርድ ሸንጎ አባላት ጎላ አድርጎ አቅርቦ ነበር። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥቶ ነጋዴው በድፍኑ ጥይት እንዲጸኑ መከረ።

ጠበቃው በአሥራ ሦስተኛው ሁለት ነገር መለሰለት። የመጀመሪያው፣ ያ ፍርድ እ.ኤ.አ. በ2009 በይግባኝ የተሻረ መሆኑ ነው፤ የተሻረውም በጥይቱ ምክንያት አልነበረም፣ ሸንጎው ስለ ሕጉ በቂ ማብራሪያ ስላልተሰጠውና ስለ ሟች የቀድሞ ጠብ አጫሪነት ማስረጃ ስለ ተከለከለ ነበር። ሁለተኛው ከሁሉ ይበልጣል፦ በኢትዮጵያ ከሕዝብ ተመርጦ የሚፈርድ ሸንጎ የለም። አሜሪካዊው የሚፈራው ስለ መሣሪያ የማያውቁ ተራ ሰዎች በጥይቱ ፎቶግራፍ እንዳይደነግጡ ነው። ልደታ ላይ የሚፈርዱት ዳኞች ናቸው፤ ፍርዳቸውንም ምክንያቱን ጽፈው ይሰጣሉ፤ ምክንያቱም በይግባኝ ይመረመራል። የዚያ አገር ምክር በዚያ አገር የፍርድ ሥርዓት ላይ የተተከለ ስለሆነ ነቅሎ እዚህ ማምጣት አያዋጣም። በእኔ እምነት ከክሩ ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። ስለ መሣሪያ በአማርኛ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከአሜሪካ ተገልብጦ የመጣ ነው፤ አንባቢውም የእኛ ሕግ እየመሰለው ይቀበለዋል።

አሥራ አራተኛው ምላሽ ኒው ጀርሲን ጠቀሰ፤ በዚያ ግዛት ሲቪሉ የተቦረቦረ ጥይት በቤቱ ሊያስቀምጥ ሲችል ታጥቆት በከተማ መዘዋወሩ ግን የተከለከለ ነው። እውነት ነው፤ ለፒያሳው ነጋዴ ግን የሚያደርግላቸው ነገር የለም።

አሥራ አምስተኛው ላይ ክሩ ሊበላሽ ተቃረበ። አንድ ወጣት ሕጉ ለሌባ የቆመ መሆኑን፣ ጠበቆችም እንጀራቸው ስለሆነ ሰውን እንደሚያስፈራሩ ጻፈ፤ ነጋዴውንም አንተ እያለ እየጠራ በዕድሜው ፈሪ ሆኗል ብሎ ሰደበ። በአሥራ ስድስተኛው የስድስት ኪሎዋ ተማሪ ገሠጸችው። ሰውዬው አባቱ ሊሆኑ የሚችሉ መሆናቸውን፣ ጠይቀው መማር የፈለጉትን ሰው ማዋረድም ነውር መሆኑን ነገረችው። ቀጥላ ሕጉ ለሌባ የቆመ ቢሆን ኖሮ አንቀጽ 78 ባልኖረ ነበር በማለት ክርክሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ዘጋችው። ወጣቱ ይቅርታ አልጠየቀም፤ ከዚያ በኋላ በጻፈው ግን እርስዎ ማለት ጀመረ።

አሥራ ሰባተኛውን የጻፉት በአራት ኪሎ በቀበሌ ቤት የሚኖሩ እናት ናቸው። ስለ ሕግም ስለ ጥይትም እንደማያውቁ ገልጸው አንድ ታሪክ ተናገሩ። አንድ የሠርግ ሰሞን ማታ አንድ ሰው ለደስታ ወደ ሰማይ ተኮሰ። አረሩ ሲመለስ የጎረቤታቸውን የጣሪያ ቆርቆሮ በሳ፤ አቡጀዲውን ኮርኒስ ቀደደ፤ የመሶቡን ክዳን አልፎ እንጀራው ላይ ተኛ። ቤተሰቡ ራት ሊቀርብ እጁን እየታጠበ ነበር። ሴትዮዋ አረሩን በእጃቸው አንሥተው እንዳዩት፣ አንዱ ጎኑ ብቻ እንደ ተላጠ፣ ሌላው እንደ አዲስ እንደነበር ጻፉ። ስለዚህ ነጋዴው የሚተኩሱት ጥይት ዘራፊውን ስቶ ወይም አልፎ የት እንደሚሄድ ቢያስቡበት እንደሚወዱ ተናገሩ።

እዚህ ላይ ክሩ ሌላ ክብደት ያዘ። የመሣሪያ ጥገናው ባለሙያ በአሥራ ስምንተኛው ተመልሰው መጥተው ስለ ግድግዳ ጻፉ። በመሐል አዲስ አበባ ሰው የሚኖረው በቆርቆሮ አጥር፣ በጭቃ ግድግዳና በኮንዶሚኒየም አግሮስቶን መካከል ነው፤ የሽጉጥ ድፍን ጥይት ቆርቆሮውንም አግሮስቶኑንም አልፎ ሰው የመጉዳት ኃይል ይቀረዋል። አልፎ የመሄዱ አደጋ ከክላሽ ጥይት ጋር ሲሆን ደግሞ እጅግ የከፋ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው የዳላሱ ሰው የኒው ዮርክ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1998 ከድፍን ወደ ተቦረቦረ ጥይት ለመዛወር የወሰነው ድፍኑ ዒላማውን አልፎ መንገደኞችንና ባልደረቦችን ስለሚያገኝ እንደነበር አስታወሰ። ቀደም ሲል ድፍኑን ሲመክር የነበረው እርሱ ነው፤ አሁን ማስረጃው ወደ ሌላው አዘነበለ። ክርክር እንዲህ ሲሆን ያስደስተኛል።

ባለሙያው ግን በሃያኛው ልጓም አበጁለት። የተቦረቦረው ጥይት የሚከፈተው ሰውነት ሲያገኝ ነው፤ ዒላማውን ከሳተ ግድግዳውን እንደ ድፍኑ ሊያልፍ ይችላል፤ ጉድጓዱ በልብስ ክር ወይም በግድግዳ ብናኝ ከተደፈነም እንደ ድፍኑ ይሆናል። የማካሮቭ ጥይት ደግሞ ኃይሉ መጠነኛ ስለሆነ ሁልጊዜ ላይከፈት ይችላል። በዚያ ላይ ሽጉጡ የተሠራው ለክብ አናት ስለሆነ አናቱ የተቦረቦረው ጥይት ወደ አፈሙዙ ሲጎርስ ሊያንቀው ይችላል። በመጨረሻ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበትን ነገር ጻፉ፦ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር የሚባል አንድ ጥይት የለም። የማካሮቭ ቀለህ (ባሩዱን የሚይዘው የጥይቱ ክፍል) ርዝመቱ 18 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሌላው ዓለም የተለመደው ባለ ዘጠኝ 19 ሚሊ ሜትር ነው፤ የማካሮቭ አረር ደግሞ ጥቂት ይወፍራል። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ቀለሁን ገልብጦ ግርጌው ላይ የተመታውን ጽሑፍ ማንበብ፣ አረንጓዴ ዝገት የያዘውን ወይም አረሩ ወደ ውስጥ የሰመጠውን ለይቶ ማውጣት ከጥይቱ አናት ቅርጽ በፊት የሚመጣ ሥራ እንደሆነ አሳሰቡ። በየባንኩ በር ላይ በዕድሜ የጠገበ ጠመንጃ ይዘው የሚቆሙትን ጥበቃዎች ሳይ ይህ ምላሽ ትዝ ይለኛል።

ሃያ አንደኛው የነጋዴው ነበር። ሁሉንም አመስግነው፣ የእህታቸው ልጅ በሚቀጥለው ጉዞው አንድ ፓኮ የተቦረቦረ ጥይት በሻንጣው ሊያመጣላቸው እንዳሰበ ሳይደብቁ ጻፉ። ከዚህ በኋላ የመጡት አራት ምላሾች በአንድ ድምፅ እንዳያደርጉት ለመኑ። ጠበቃው በሃያ ሁለተኛው ከሁሉም ጠንከር አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ መሣሪያም ጥይትም በፈቃድ ብቻ የሚያዝ ነው፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 808ም ያለ ፈቃድ ጥይት ማስገባት፣ መቀበልና ማከማቸት ያስቀጣል፤ ነገሩ ወደ ንግድ ከተጠጋ አንቀጽ 481 ይመጣል። ልጁ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይያዛል። ባይያዝ እንኳ ነጋዴው አንድ ቀን በእውነት ራሳቸውን ተከላክለው ቢተኩሱ፣ በአንቀጽ 78 ከግድያው ነጻ ወጥተው በጥይቱ ይከሰሳሉ። የእህት ልጁ ምክር ያለው ትልቁ የሕግ አደጋ የጥይቱ ቅርጽ አልነበረም፤ ጥይቱ የሚመጣበት መንገድ ነበር።

ሃያ ስድስተኛው ምላሽ አሁን በክሩ ላይ የለም። ጥይት የሚሸጥ ሰው እንደሚያውቅ የጠቆመ ጽሑፍ ነበር፤ የመድረኩ ኃላፊ ወዲያው አነሣው፤ ለምን እንዳነሣውም በአጭሩ ገለጸ። ሃያ ሰባተኛው ደግሞ ድፍኑን ጥይት በሞረድ አናቱን መቧጨር ያው ሥራ እንደሚሠራ ከአጎቱ እንደ ሰማ ጻፈ። የጥገናው ባለሙያ በሃያ ስምንተኛው እንደ ተቆጡ ከአጻጻፋቸው ይታወቃል። የተቧጨረ አረር ቅቡ አፈሙዝ ውስጥ ሊቀር፣ ቀጥሎ የሚተኮሰውም ሽጉጡን በሰውየው እጅ ላይ ሊያፈነዳው ይችላል። ጠበቃው ከሥሩ አንድ መስመር ጨመረ፦ በሞረድ የተሠራ ጥይት ካዝና ውስጥ ከተገኘ አስቀድሞ ማሰብን ለማስረዳት ዐቃቤ ሕግ ሌላ ምስክር ላያስፈልገው ይችላል።

ሃያ ዘጠነኛውን የጻፈው በወንጀል ምርመራ ላይ ለረጅም ጊዜ የሠራ የቀድሞ ፖሊስ ነው። ሁሉም ስለ ጥይቱ አናት ሲጨቃጨቅ መርማሪ ሥፍራው ሲደርስ ምን እንደሚያይ አስረዳ። መጀመሪያ የወደቁትን ቀለሆች ይቆጥራል፤ እያንዳንዱ የት እንደ ወደቀ ይለካል። ቁስሉ ከፊት ነው ወይስ ከጀርባ? ርቀቱ ስንት ነበር? አጥቂው ከወደቀ በኋላ የተተኮሰ አለ? በእጁ ምን ነበረው? ተኳሹ ራሱ ለፖሊስ ደወለ ወይስ ሰው ጠቁሞ ተያዘ? መሣሪያውን ደበቀ ወይስ አስረከበ? ለተጎዳው ሰው እርዳታ ጠራ? ከጀርባ የገባ አንድ ድፍን ጥይት ከፊት ከገባ የተቦረቦረ ጥይት ይልቅ ብዙ ማብራሪያ ይጠይቃል። ጥይቱ የትኛው ነው የሚለው መልስ የሚያገኘው መጨረሻ ላይ እንደሆነ፣ ይኸውም በዋነኛነት አረሩ ከየትኛው መሣሪያ እንደ ወጣ ለማረጋገጥ እንደሆነ ተናገረ። ነጋዴው ይህንን ደጋግመው እንዲያነቡት እመኛለሁ።

ሠላሳኛው የአሥራ አምስተኛው ወጣት ነው፤ ረጋ ብሎ አንድ ትክክለኛ ጥያቄ ጠየቀ። ዘራፊው ወርቁን ይዞ እየሮጠ ቢሆን መተኮስ ይቻላል? ጠበቃው በሠላሳ አንደኛው በትህትና መለሰለት። አንቀጽ 78 ሰውነትን ብቻ ሳይሆን በሕግ የታወቀ ሌላ መብትንም ይጠብቃል፤ ንብረት ከእነዚህ አንዱ ነው። ነገር ግን የሚጠበቀው መብት ክብደት ከሚደርሰው ጉዳት ጋር ይመዘናል። ጀርባውን ሰጥቶ የሚሮጥ ሰው የማንንም ሕይወት እያጠቃ አይደለም፤ ወርቅ የሰው ነፍስ አያክልም። በዚያ ሁኔታ የተተኮሰው ወደ አንቀጽ 540 ሊያመራ ይችላል። በጠባብ መንገድ ላይ የተተኮሰው አረር ሸሹን ስቶ አንድ መንገደኛ ቢገድል ደግሞ ቢያንስ በቸልተኝነት ሰው መግደል በአንቀጽ 543 ያስጠይቃል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በሰው አካል ላይ ጉዳት ያደረሰ ካሣ እንዲከፍል ያስገድዳል። ለተጎጂው ልጆች ጥይቱ ድፍን ነበር ወይስ የተቦረቦረ የሚለው ነገር አይደለም።

ቀጥሎ ሁለት ሰዎች ስለ ብረት ካዝናና ስለ ዝርፊያ መድን ጻፉ፤ አንደኛው ወርቁን ማታ ማታ ወደ ቤት ማጓጓዙ ራሱ ዘራፊን እንደሚጋብዝ በትክክል ተናገረ። የዳላሱ ሰው ከአራተኛው ቁጡ ጸሐፊ ጋር ስለ ሄግ መግለጫ እንደገና ተጋጨ፤ ያንን አልፈዋለሁ።

በሠላሳ አምስተኛው ነጋዴው ተመለሱ። ልጁ ምንም ነገር በሻንጣው እንዳያመጣ ማስታወቃቸውን፣ ካዝናቸውን አራግፈው ሲያዩ ከስምንቱ ጥይቶች ሁለቱ ላይ አረንጓዴ ዝገት ማግኘታቸውን ጻፉ። አሁን የተበላሸውን የት እንደሚመልሱ፣ ምትኩን በሕጋዊ መንገድ እንዴት እንደሚያገኙ ማወቅ ፈለጉ። ጠበቃው ፈቃዱን ለሰጣቸው የፖሊስ ክፍል በጽሑፍ እንዲያመለክቱ መከራቸው፤ የፈቃዱን ቁጥር፣ የሽጉጡን መለያና የጥይቱን ብዛት እንዲገልጹ፣ የዛጉትንም ጥይቶች በኪሳቸው ሳይሆን ከማመልከቻው ጋር እንዴት ማስረከብ እንዳለባቸው አስቀድመው ስልክ ደውለው እንዲጠይቁ ነገራቸው፤ የማመልከቻውንም ግልባጭ ማህተም አስመትተው እንዲያስቀሩ አደራ አላቸው። የመድረኩ ኃላፊ መልሱ ሲመጣ ነጋዴው እዚያው እንዲጽፉት ጠይቆ ክሩን ክፍት ተወው።